ቁርጭምጭሚቴና ስለቴ

እሑድ፣ ማርች 3

ወደቅኩ። በመምህራችን በዶን ክሪሶፎሮ ግቢ፣ ለጁላዩ በዓል የላባ አክሊል ደፍተን የምንዘልበትን የላባውን ጭፈራ ስንለማመድ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ሦስተኛው ዝላይ ላይ አየር ላይ ዞሬ ስወርድ ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈ። የሆነ ነገር «ቀጭ» ሲል ሰማሁ። ሌላ ሰው የሰማ አይመስለኝም፤ መለከቱ ይጮህ ነበር።

ስለት ያለበት ጨፋሪ ዙሩ ሳያልቅ ከክቡ አይወጣም። ስለዚህ ተነስቼ ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩ። ዶን ክሪሶፎሮ በመጨረሻ «ዛሬ ሞክቴዙማችን እንደ አሮጌ በቅሎ ነው የሚረግጠው» አሉ። በጭፈራው ውስጥ የጥንቱን ንጉሥ ሞክቴዙማን ሆኜ የምጨፍረው እኔ ነኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቤት ስደርስ እግሬ ከጫማው አልወጣ አለ። ዶኛ ኤውስቶሊያ ጠፍሩን በቢላ ቆረጡት። የሟች ሚስቴ የሩፊና እናት ናቸው፤ የምኖረውም የምሸምነውም እሳቸው ቤት ነው።

«ወለምታ ነው፤ ወጌሻ ጋ እንሄዳለን» አሉ።

ወለምታ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 5

ወጌሻው ዶን ሲሪሎ የሞቀ ስብ በአረቄ ለውሶ አሸኝ። ከዚያ ተረከዜን በአንድ እጁ፣ ጣቶቼን በሌላው ይዞ ጎተተ። ጮህኩ።

«ንጉሥ አይደለህ? ምን ያስጮህሃል?» አሉኝ ዶኛ ኤውስቶሊያ።

«ንጉሡም እኮ እግሩን ቢጎትቱት ይጮሃል፣ እማማ።»

«ዝም በል! ጅማቱ ቦታውን ስቶ ነው እንጂ አጥንቱ ደህና ነው ብሏል።»

አጥንቱ ደህና ነው። ይህ ሦስተኛው ዓመቴ ነው፤ የመጨረሻው። ሩፊና የታመመች ጊዜ፣ ብትድንልኝ ሦስት ዓመት በበዓልህ እጨፍራለሁ ብዬ ለጌታችን ተሳልኩ። የመጀመሪያውን ዓመት እያየችኝ ጨፈርኩ። ኖቬምበር ላይ ሞተች። ጌታ ስለቱን አልሰረዘልኝም፤ እኔም ሰርዝልኝ አላልኩትም። ለምን እንዳላልኩት ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስዘል፣ ከላይ ስሆን፣ መሬት ከመንካቴ በፊት ያለችው ቅጽበት ላይ አያታለሁ። ሌላ ቦታ አትመጣልኝም። በሕልሜም አትመጣም።

ዓርብ፣ ማርች 8

ጠቁሯል። እስከ ጣቶቼ ድረስ። መቆም አልቻልኩም። ዶን ሲሪሎ ነገም ልሸው ይላል። አልፈልግም።

ሰኞ፣ ማርች 11

የሩፊና ወንድም አማዶር በባጃጅ ጭኖ ትላኮሉላ ከተማ ወሰደኝ። ክሊኒኩ ውስጥ የራጅ ፎቶ አነሱኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንስቶ በእስክሪብቶው አሳየኝ። ከትንሿ ጣት ኋላ ያለው የእግሬ አጥንት ተሰብሯል። በውጭ በኩል ቁርጭምጭሚቴን ከሚይዙት ጅማቶች አንዱ ተበጥሷል፤ አንዱ በከፊል ተቀዷል።

«ማነው ያሸህ?» አለኝ።

«ማንም።»

አማዶር ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይስቃል፣ ባለጌ።

«ጁላይ ላይ እዘላለሁ?»

«እስቲ መጀመሪያ ኤፕሪል ላይ ተራመድ» አለ ሐኪሙ።

እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የፕላስቲክ ቦት አሰሩልኝ። ክራንችም ሰጡኝ። ስድስት ሳምንት። አጥንቱ ከገጠመ ዶን ክሪሶፎሮ ጋ የምመለስበት ጊዜ ይተርፈኛል። ሐኪሙም አትመለስም አላለኝም። የመሸመኛውን መርገጫ ግን ንክች እንዳታደርግ አለኝ፤ ሸማኔ መሆኔን አማዶር ነው የነገረው።

ሐሙስ፣ ማርች 14

በየሐሙሱ እግሬን የምታሠራኝ ፊዚዮዋ ጋ መሄድ አለብኝ። ያዲራ ትባላለች፤ ከጠረፍ ከሁቺታን የመጣች ናት። ድምጿ ሦስት ግድግዳ ይሻገራል። ገና ከበሩ «አንተ ነህ እንዴ በተሰበረ እግሩ ዙር የጨረሰው? ጀግና! ጀግኖች ናቸው ደሞዜን የሚከፍሉኝ» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ብዙ ታወራለች። ለአሁኑ የምሠራው ጣቶቼን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 21

ጣቶች። እንደገና ጣቶች። ፊዚዮዋ በእኛ ሠፈር ሴቶች አይጨፍሩም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ትንንሽ ልጃገረዶች አሉ አልኳት። «እኛ ጋ ቢሆን ወንዶቹን አስቀምጠን እኛ ነበርን የምንዘለው» አለች። ቢጫ ለብሳ ነበር።

ቅዳሜ፣ ማርች 30

ነገ ፋሲካ ነው። ቤቱ ውስጥ ሁለት የእንጨት መሸመኛ አለ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሩፊና የነበረው። በሩፊና መሸመኛ ላይ አሁን አማዶር ነው የሚሸምነው። ቀኑን ሙሉ የእሱን ብቻ ስሰማ ዋልኩ። ዷ፣ ዷ፣ ከዚያ ዝም፤ ሁለተኛውን ድምፅ እጠብቃለሁ፤ የለም። እኔና ሩፊና ጎን ለጎን ስንሸምን ሳንነጋገር እግራችን ይገጥም ነበር። አንዳችን ከዘገየን ሌላችን እንጠብቃለን። ናፈቀችኝ። ሌላ ምን ብዬ ልጻፈው? ናፈቀችኝ።

ቦቱን አውልቄ የራሴ መሸመኛ መርገጫ ላይ ቆምኩ። ቀኝ መርገጫው ጠንካራ ነው፤ ሙሉ ክብደትን ይፈልጋል። አንድ ክንድ የሚሆን ሸመንኩ። መጀመሪያ እግሬን ምንም አላለኝም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 1

አበጠ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 4

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አጥንቱ ገጥሞ ከነበረበት ተላቅቋል። ስድስቱ ሳምንት እንደ አዲስ ይጀመራል።

ያዲራ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «ሸማኔ ነህ አይደል? አጥንት ክር አይደለም፤ ሲበጠስ ቋጥረህ አትቀጥለውም። ለምን አደረግከው?» አለችኝ።

«ሥራ ፈትቼ።»

«ሥራ የፈታ ሰው ካርታ ይጫወታል።»

የሌላው መሸመኛ ድምፅ ብቻውን መሆኑ እንደሚያስጠላኝ ነገርኳት። የማን እንደነበረ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ ቦቱን መልሳ አሰረችልኝ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 14

ልምምዱን ሄጄ አየሁ። አጥር ላይ ተደግፌ። በእኔ ቦታ ማንም አልቆመም፤ ባዶውን እየዞሩ ይጨፍራሉ። ዶን ክሪሶፎሮ ከክራንቾቼ አንዱን ከእጄ ወስደው ምቱን በእሱ መሬት ላይ መቱበት። ስጨርስ እመልስልሃለሁ አሉ። ረስተውት ገቡ፤ በአንድ ክራንች ነው ቤቴ የገባሁት።

ሐሙስ፣ ሜይ 16

ቦቱ ወለቀ። እግሬ የእኔ አይመስልም፤ ሰልሏል፣ ገርጥቷል፣ የሆነ ከጓዳ የወጣ ነገር ነው የሚመስለው። ያዲራ ግን በሁለት እጇ ይዛው «ደህና መጣህ» አለችው። ለእግሬ ነው ያለችው፤ ለእኔ አይደለም።

በአውራ ጣቴ አየር ላይ ፊደል እንድጽፍ አዘዘችኝ፤ ቁርጭምጭሚቱን ያፍታታል። «የፈለግከውን ስም ጻፍ» አለች። የሩፊናን ጻፍኩ።

«ማን ናት?»

«ሚስቴ።»

«ታድላ! አንድ ቀን ይዘሃት ና፤ ቤት ስትሆን ልምምዱን ትሥራ አትሥራ ከእሷ ነው የምሰማው።»

«እሺ» አልኳት።

እሺ አልኳት። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ምን ነበረበት ሞታለች ብል? አንድ ቃል ናት። ለፖስተኛው ተናግሬያታለሁ፣ ሱፍ ለሚሸጥልን ሰው ተናግሬያታለሁ። ለእሷ ግን መናገር አቃተኝ። ከተናገርኩ በኋላ ምን እንደምታስብ ፈራሁ መሰለኝ። ምንም አታስብም፤ ታካሚዋ ነኝ።

እሑድ፣ ሜይ 19

ዶን ክሪሶፎሮ ቤት ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲቀመጡ ገባኝ።

«ልጄ፣ ክቡ ያለ ንጉሥ አይሄድም። አማዶር እርምጃውን ያውቃል።»

አማዶር ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ዶኛ ኤውስቶሊያ ውኃ ያቀብላሉ፤ ማንንም አያዩም። እሺ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ወደ አማዶር ዞሬ «እህትህ ስትሞት የት ነበርክና ነው ዛሬ ቦታዬን የምትወስደው?» አልኩት። እናቱ ፊት።

ማሰሮው ከዶኛ ኤውስቶሊያ እጅ አልወደቀም። ቀስ ብለው አስቀመጡትና ወጡ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዶን ሲሪሎም አያሸው፣ ያዲራም ቦት አታስርለት።

ረቡዕ፣ ሜይ 22

ሦስታችን በአንድ ገበታ እንበላለን፤ ማንም አይናገርም። ጨው እንኳን በጣት ነው የምንጠያየቀው።

ዛሬ አማዶርን ድር ሲዘረጋ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀና አላለም።

«ከምሠራበት ከቲኹዋና እዚህ በአውቶቡስ ሦስት ቀን ነው» አለኝ። «ስትነግሩኝ ወዲያው ነው የተሳፈርኩት። ስደርስ ቀብራችኋታል። ጥያቄህ መልሱ ይኸው ነው፦ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።»

ይህን ስንት ጊዜ ተሸክሞት እንደዞረ አላውቅም። እኔ ጠይቄው አላውቅም። ድሩን በሌላው ጫፍ ያዝኩለት፤ እስኪጨርስ አልለቀቅኩም።

እሑድ፣ ጁን 2

አማዶርን ማስተማር ጀመርኩ። በጓሮ። እርምጃውን ያውቃል፤ ዝላዩን ግን ይሰርቃል፤ ቶሎ ይወርዳል።

«ከላይ ስትሆን አትቸኩል» አልኩት።

«ምን ልሥራ ታዲያ ጋሼ፣ ከላይ ሆኜ? ጥሬ ልቁላ?»

«የሆነ ነገር እይ።»

«አንተ ምንድን ነው የምታየው?»

በሕይወቴ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ማማ ስር ያለችውን የድንጋይ ደረጃ ነገርኩት። ሩፊና እዚያ ተቀምጣ ነበር የምታየኝ፤ አሁንም እናቷ በበዓል ቀን ነጠላቸውን እዚያ አንጥፈው ቦታውን ለማንም አይሰጡም። አማዶር አላላገጠብኝም። ቢያላግጥብኝ ይሻል ነበር ወይስ አለማላገጡ ነው የተሻለው፣ አላውቅም።

«እኔስ ወዴት ልይ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እናትህን።»

ሐሙስ፣ ጁን 13

አማዶር ነው የነገራት፤ ሊያደርሰኝ መጥቶ ኮሪደር ላይ ሲያወሩ። ስገባ ያዲራ ፎጣ ታጥፋለች። ያንኑ ፎጣ ሁለት ጊዜ አጠፈችው።

«ሚስትህ ሞታለች።»

«አዎ።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«አልዋሸሁም። ሚስቴ ናት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በአንድ እግሬ ትራስ ላይ አቆመችኝና «ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ። ብወድቅ ልትይዘኝ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፤ አትነካኝም። ዓይኔን ጨፍኜም የት እንደነበሩ አውቅ ነበር። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጅማቱ ገና ነው።

«ጁላይ ላይ እዘላለሁ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ መልሱን እያወቅኩ።

«አትዘልም፣ ኦቲሊዮ። ትራመዳለህ፣ ደረጃ ትወጣለህ፣ ቁርጭምጭሚትህን ከታሰርክ ቀላል ውዝዋዜ ትችላለህ። ዘለህ ብትወድቅ ግን ዕድሜ ልክህን ታነክሳለህ። ላታልልህ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ የጠራችኝ ዛሬ ነው።

ዓርብ፣ ጁን 14

አልተኛሁም። ስለት ያለው ሰው ስለቱን ሳይፈጽም ምን ይሆናል? ቢቀር ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል ይላሉ። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። አንድ ዓመት ተጨማሪ፤ አንድ በዓል ተጨማሪ ከሩፊና ጋር። ከዚያ ደስ ስላለኝ አፈርኩ። ለካ ማለቁን ነው ስፈራ የኖርኩት። መርገጫው ላይ የቆምኩ ቀንስ? ያን ጊዜም... አይ፣ ያኔ ሥራ ፈትቼ ነው።

እሑድ፣ ጁን 23

ዶን ክሪሶፎሮ አንድ ጥቁር የእንጨት ጭምብል ጭኔ ላይ ጣሉልኝ። የቀልደኛው ነው። ከክቡ ውጭ እየዞረ ለጨፋሪዎቹ ውኃ የሚያቀብል፣ የተፈታ ጫማ የሚያስር፣ ላባ ሲያጋድል የሚያቃና፣ ሕፃናትን የሚያስፈራራ፣ ሴቶችን የሚተርብ። አይዘልም።

«ከንጉሥ ወደ አሽከር!» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር።

«ስለት የገባኸው ለመዝለል ነው ለማገልገል?»

«ይቆጠርልኛል ወይ? ቢቀር ለሚቀጥለው ዓመት...»

ዶኛ ኤውስቶሊያ ከጓዳ ድምፃቸው መጣ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» ከዚያ እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ፤ የበቆሎ ሊጥ እስከ ክርናቸው ድረስ። «ይቆጠራል። እኔ እናቷ ነኝ፣ ይቆጠራል ብያለሁ። ዘንድሮ ጨርስ።»

እንዲህ ቆርጠው ሲናገሩ አይቻቸው አላውቅም። እሺ አልኩ።

ሐሙስ፣ ጁን 27

በላስቲክ መጎተት፣ ተረከዝ ማንሳት፣ ደረጃ። ቀልደኛ መሆኔን ለያዲራ ስነግራት እስክታለቅስ ሳቀች። «አንተ? ቀልደኛ? እንዲህ ፊትህን እንደቋጠርክ?»

«ጭምብል አለው እኮ።»

«እግዜር ይመስገን!» አለች።

በዓሉን መጥተሽ እዪ አላልኳትም። ቀኑ ረቡዕ መሆኑን ብቻ ነገርኳት። ሰዓቱንም። አውቶቡሱ የሚያቆምበትንም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 3፣ ማታ

ሁሉም ተኝቷል። ቁርጭምጭሚቴ ሞቋል፤ ግን ይዟል።

ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ሳመላልስ ዋልኩ። ጭምብሉ ውስጥ ላብ ብቻ ነው የሚሸተው። መጀመሪያ ዝም ብዬ ነበር የማነክሰው፤ ሰው ግን ማነከሴን ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ እኔም ጨመርኩበት። አንዱ አዛውንት «አንተ ቀልደኛ፣ አማትህ መታችህ እንዴ?» ሲሉኝ ዞሬ ዶኛ ኤውስቶሊያን ጠቆምኩ። አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ሳቅኩ፤ ከልቤ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም።

ዶኛ ኤውስቶሊያ ከማማው ስር ተቀምጠዋል። ነጠላቸው እንደ ሁልጊዜው ደረጃዋ ላይ ተነጥፏል። ቀጥሎ ሳይ ያዲራ በሰው መሃል ቆማ፣ አበባ የተጠለፈበት የአገሯን ቀሚስ ለብሳ፣ አንገቷን እያሰገገች ትፈልጋለች። ማንን እንደምትፈልግ ዶኛ ኤውስቶሊያ አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ነጠላውን አንስተው ትከሻቸው ላይ ጣሉና በእጃቸው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉላት። ተቀመጠች።

የውኃው ቅል እጄ ላይ ቀረ። ተነሺ ልላት ነበር። እውነት ነው የምጽፈው፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ በክንዷ ይዤ ላስነሳት ነበር። ሦስት እርምጃ ሄጃለሁ። ዶኛ ኤውስቶሊያ ቀና ብለው ጭምብሉን አዩ፤ ቀዳዳውን አልፈው እኔን አዩ።

«ባዶ ነበር» አሉኝ። «ሂድ ሥራህን ሥራ፤ የልጄ ላባ አጋድሏል።»

ሄድኩ። የአማዶርን አክሊል አቃናሁ። «አትቸኩል» አልኩት። ዘለለ። እንደ እኔ አይደለም፣ ከእኔ ከፍ ብሎ። ከላይ ሆኖ ወዴት እንዳየ አውቃለሁ፤ እናቱ ከተቀመጡበት ተነስተው ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸው አፋቸው ላይ ነው።

እኔ መሬት ላይ ነበርኩ። ሩፊናን ፈለግኳት። አልመጣችም። መሬት ላይ ሆኜ ያየሁት ሕዝቡን ነው፤ የሚበሉትን፣ ሕፃን የሚያባብሉትን፣ ያቺን ቀሚስ። ጭምብሉ ውስጥ አለቀስኩ። ቀልደኛ ሲያለቅስ ማንም አያውቅም፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም የሠሩት።

መለከቱ ሲቆም ዶን ክሪሶፎሮ አንድ በአንድ አቀፉን። እኔ ጋ ሲደርሱ ጭምብሉን አንስተው «ስለትህ ደርሷል፤ ነፃ ነህ» አሉኝ። ነፃ መሆን ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ። ቦቱ የወለቀ ዕለት እግሬን እንደማየት ነው፤ ሰልሏል።

ያዲራ አውቶቡሱ ሳያመልጣት ሄዳ ነበር። ቁርጭምጭሚቴን በረዶ እንዳደርግበት ለዶኛ ኤውስቶሊያ ነግራቸዋለች። አድርጌበታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

አውቶቡስ ውስጥ ነው የምጽፈው።

ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ክሊኒኩ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል፤ በሩ ላይ ስለተለጠፈ ነው የማውቀው። ትላኮሉላ ውስጥ ሱፍም መግዛት አለብኝ። በቂ ሱፍ አለን፣ ግን ቀዩ እያለቀ ነው።

ጠዋት ስላጭ ዶኛ ኤውስቶሊያ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

«እግርህን አመመህ?»

«አላመመኝም፣ እማማ።»

«ታዲያ ወዴት ነው?»

«ትላኮሉላ። ሱፍ ልገዛ።»

ከበዓሉ የተረፈውን የበቆሎ ታማል ከድስቱ እያወጡ በጨርቅ ይጠቀልሉ ጀመር። ጠቀለሉ፣ ጨመሩ፣ እንደገና ጨመሩ።

«ይህ ሁሉ ለእኔ ነው?»

«አንተ ብቻህን ትበላዋለህ ያለህ ማነው?»

ጥቅሉን ሰጡኝና ጀርባቸውን አዞሩ። አመሰግናለሁ ሳልላቸው ጥቅሉን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ግቢውን ሳላነክስ ለማቋረጥ ሞከርኩ። የውጭውን በር ስከፍት ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። እንደዚህ ሲያለቅሱ የሰማሁት በሩፊና ቀብር ቀን ነው። ቆምኩ። ልመለስ ዞርኩ።

«ሂድ አልኩህ!» አሉ ከውስጥ።